ከክበብ መድረክ እስከ ካሜራ፦ ጀማሪ ተዋንያን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ወይም በሰፈር ወጣት ማዕከል ትወና የጀመሩ ልጆች መንገዳቸው ይመሳሰላል። መጀመሪያ የወላጆች በዓል ላይ አጭር ድራማ ይሠራሉ። ቀጥሎ ክበቡ አዳራሽ ያገኝና ሙሉ ተውኔት ይወጣል። ከዚያ አንዱ ያያቸውና ለራዲዮ ድራማ ይጠራቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ለዩቲዩብ ተከታታይ ድራማ። ሳያውቁት ሦስት ሙያ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ችሎታ ያላቸው ልጆች የሚሰናከሉት ብዙ ጊዜ ሦስቱን እንደ አንድ ስለሚያዩ ነው።

አዳራሹን ተሸክሞ ካሜራ ፊት መቆም

ዋናው ይሄ ነው። እንደ ብሔራዊ ቴአትር ባለ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወት ሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ላለው ተመልካች ጭምር መድረስ አለበት። ድምፁም እጁም ይሰፋል። ካሜራ ግን አፍንጫችሁ ሥር ነው።

አንድ ቀረጻ ላይ ያየሁት ልጅ ትዝ ይለኛል። በኪራይ ቤት ሳሎን ውስጥ ለእናቱ በስልክ «ደርሻለሁ፣ አታስቢ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ገና አፉን ሲከፍት የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። «ቀንስ» አለችው ዳይሬክተሯ። ድምፁን ቀነሰ፤ ቅንድቡ ግን አሁንም ይጮኻል። ደገሙት፣ ደጋገሙት፣ ያው ነው። በመጨረሻ ረዳቷን ግቢ አስወጥታ የእውነት እንዲደውልለት አደረገች። ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። የሚያዳምጠው ነገር ስላገኘ ፊቱ ተረጋጋ። ዳይሬክተሯ የወሰደችውም ያንን ነው።

ስለዚህ ቀረጻው ሳይጀመር ካሜራው እስከ ምን ድረስ እንደሚይዛችሁ ጠይቁ። ከወገብ በላይ ነው? ፊት ብቻ ነው? ይሄን መጠየቅ አያሳፍርም፤ ነባሮቹም ይጠይቃሉ። ተቃራኒው ችግርም አለ። ቲክቶክ ላይ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ሦስተኛው ረድፍ እንኳ አይሰማውም።

የራስን ቃለ ተውኔት ብቻ ማጥናት

ስክሪፕቱ እንደደረሰ የራስን መስመር በማርከር ቀብቶ፣ ሌላውን ሳያነቡ መሸምደድ የተለመደ ነው። ውጤቱ ካሜራ ላይ ያሳብቃል። ጓደኛው ሲናገር ልጁ ተራውን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ከንፈሩ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል። የሌላውንም ሰው ቃል እኩል አጥኑት።

በዚያ ላይ ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። የልቅሶው ትዕይንት ከሠርጉ ቀድሞ ሊቀረጽ ይችላል። ስክሪፕቱን ሙሉውን ያላነበበ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ሐዘኑን የሚመጥነው? ሌላም አለ። ቡና እየጠጣችሁ የምትነጋገሩበት ትዕይንት ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ይቀረጻል። ስኒውን በቀኝ እጅ፣ «እሺ» በሚለው ቃል ላይ ካነሳችሁት፣ ሁሌም በቀኝ እጅ፣ «እሺ» ላይ ነው የምታነሱት። አለበለዚያ ኤዲተሩ ሲቆርጠው ስኒው ከእጅ ወደ እጅ ይዘላል። የትወና ብቃት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ ኤዲቲንግ ክፍል አንድ ቀን ይቀመጥና ይየው።

ራዲዮን መናቅ

«ፊት የማይታይበት ሥራ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ልጅ ያናድደኛል። ወጋየሁ ንጋቱ የመድረክ ሰው ነበር። ነገር ግን በየቤቱ የገባው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ በመተረኩ ነው። በዛብህንና ሰብለወንጌልን እስካሁን በእሱ ድምፅ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ! ፍቃዱ ተክለማርያምም በመድረክ የገነነውን ያህል በመጻሕፍት ትረካ ይታወሳል።

ራዲዮ የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። ወረቀቱን ስትገልጡ እንዳይንኮሻኮሽ፣ «ፐ» እና «ጰ» ማይኩ ላይ እንዳይፈነዱ፣ ፊታችሁን ስታዞሩ ድምፃችሁ ከማይኩ እንዳይርቅ ትማራላችሁ። ይሄ ትምህርት ለድምፅ ማልበስ ሥራም ያገለግላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች በርትተው ተቃውመው ነበር። ክርክሩን ለጊዜው እንተወው፤ የድምፅ ሥራ ግን እንጀራ መሆኑን አሳይቷል።

የመጀመሪያው ስልክ ሲደወል ክበቡን ጥሎ መጥፋት

ለሁለት ቀን ቀረጻ ተብሎ የሁለት ወር ጥናት ይቀራል። አብረው ሲያጠኑ የነበሩት ልጆች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ዘርፉ ጠባብ ነው፤ ያኔ ጥላችሁት የሄዳችሁት አዘጋጅ ነገ ካስቲንግ (የተዋናይ ምርጫ) ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነም ቀድሞ መናገር ነው።

ማስታወቂያ ያወጣ ሁሉ ፕሮዲዩሰር ይመስላል

ቴሌግራም ላይ «አዳዲስ ፊቶች እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። የመመዝገቢያ ብር የሚያስከፍል ከሆነ ተዉት። ሥራው የእውነት ከሆነ ብሩ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ኦዲሽን በሆቴል መኝታ ክፍል፣ በምሽት፣ «ብቻሽን ነይ» ተብሎ አይደረግም። እህቶቼ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ እንዳትሄዱ። ድርጅቱ ቀደም ሲል ምን እንደሠራ ጠይቁ፤ ከተዋንያኑ አንዱን ፈልጋችሁ አናግሩ። ለማንኛውም፣ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሰው በመያዛችሁ የሚቆጣ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው።

በአፍ ስምምነት መሥራት

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይባላል። ፊልሙ ወጥቶ ብሩ ሲቀር ግን ስልክ የሚያነሳ ቤተሰብ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናይን ጨምሮ ለከዋኞች መብት ይሰጣል። ውል ከሌለ ግን የተስማማችሁበትን ማስረዳት መከራ ነው። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ጠቅላላ ክፍያው፣ በስንት ዙር እንደሚከፈል፣ የቀረጻው ቀናት ብዛት፣ ቀኑ ከተራዘመ ምን እንደሚጨመር፣ ትራንስፖርትና ምግብ የማን እንደሆነ፣ ሥራው ሲኒማ ብቻ ይታያል ወይስ ዩቲዩብም ላይ ይጫናል፣ ስማችሁ በምን መልኩ እንደሚጻፍ ይቀመጥበት። ከዚያ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንዱን ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ፎቶ አንስቶ ስልክ ውስጥ መተው አይበቃም።