«ክልክል ነው» እንዴት ይባላል፣ የትስ ይጻፋል?

«ክልክል» ባለቤት፣ ሕግ ወይም መሥሪያ ቤት ያገደውን ነገር ይገልጻል። አጻጻፉ ቀላል ነው፤ የሚታገደውን ድርጊት «መ» ወይም «ማ» ባለው ስም አስቀድሙ፦ «መግባት ክልክል ነው»፣ «ማጨስ ክልክል ነው»።

ሁለት ስህተቶች ትርጉሙን ያበላሹታል። «ከልክል» ብሎ መጻፍ ማስታወቂያውን «አንተ አግድ» ወደሚል ትእዛዝ ይለውጠዋል። «አለማጨስ ክልክል ነው» ደግሞ ሰውን አጭስ ማለት ነው፤ ክልከላው «ክልክል» ውስጥ ስላለ ድርጊቱ ላይ «አለ» አይጨመርም።

ሁኔታ ካለ ከፊት ይግባ፦ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው»። «ጫማ አድርጎ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ደሴ ውስጥ ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም አንድ ፊደል ሳይቀየር ያገለግላል።

ወሎ ውስጥ «ሐራም» የሚለውን ሁሉም ይረዳዋል፤ ግን እሱ የሃይማኖት ክልከላ ነው። መኪና ማቆም ለሚከለከልበት በር «ክልክል» እንጂ «ሐራም» አይጻፍም። «እርም» ብዙ ጊዜ ሰው በራሱ ላይ የሚጥለው ክልከላ ነው፦ «ሲጋራ እርሜ ነው»።

በአፍ ሲሆን ቃሉ ይከብዳል። ለአዛውንት «አባባ፣ እዚህ መቀመጥ አይፈቀድም፤ ወዲህ ይምጡ» ማለት ይሻላል፤ መቀመጫውንም አብሮ ማሳየት ነው።