ውድ ዴስክቶፕ ለምን ይንቀራፈፋል? ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ማሽን አመራረጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ብለው ከፍተኛ ዋጋ ያለው ዴስክቶፕ ከገዙ ሰዎች የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ብር ወጥቶበት ለምን ይንቀራፈፋል የሚል። እንደማየው ከሆነ የችግሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ የአንድ ዕቃ መበላሸት ሳይሆን ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው ወይም ከሚሠራባቸው ሥራ ጋር አለመመጣጠናቸው ነው። ስለዚህ አዲስ ማሽን ለመግዛት የተነሣ ሰው የዋጋ ዝርዝር ከማገላበጡ በፊት አሁን የሚሠራበት ማሽን የት ላይ እንደሚያቃስት ቢያዳምጥ ይሻለዋል፤ ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት የሚነግረው እርሱ ነውና።

ለማዳመጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። ችግሩ በሚታይበት ሰዓት ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ራሙና ዲስኩ ስንት በመቶ እንደተያዙ ማየት፣ ለሙቀት ደግሞ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉትን ችግሮች ያቀረብኩት በክብደታቸው ሳይሆን ብዙ ጊዜ በሚያጋጥሙበት ቅደም ተከተል ነው።

አዲስ ካርድ ተገጥሞም ጌሙ ይቆራረጣል

በመጀመሪያ የሚታየው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው የሞኒተር ገመድ ነው። ገመዱ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ፣ ባለቤቱ ወራት ሙሉ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ግራፊክስ ሲጫወት መገኘቱ የሚያስቅ ቢመስልም የተለመደ ስህተት ነው። ከዚያ ቀጥሎ በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ማስተካከያ ውስጥ የሞኒተሩን ፍጥነት ይመልከቱ፤ 144 ወይም 165 ሄርትዝ ተብሎ የተገዛ ሞኒተር ካልተነካ በ60 ሄርትዝ እየሠራ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው ራም ነው። 6000 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር5 ራም ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ፍጥነት ማስተካከያ ካላበሩት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ4800 ነው። ሁለት ራሞች ካሉም ጎን ለጎን ሳይሆን፣ አብዛኞቹ ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርዶች እንደሚያዙት፣ ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ መግባት አለባቸው። በአንድ ራም ብቻ የሚሠራ ማሽን ደግሞ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን መረጃ የሚመጣለት በግማሽ መንገድ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው ችግሩ ካልጠፋ ቁጥሮቹን ማንበብ ይገባል። የፍሬም (በሰከንድ የሚታዩ ሥዕሎች) ገደብ ሳይደረግበት ግራፊክስ ካርዱ 97 ወይም 98 በመቶ እየሠራ ጌሙ ከዘገየ የካርዱ አቅም አልቋል፤ ካርዱ 60 በመቶ አካባቢ ላይ እያዛጋ ከሆነ ግን የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩን ነው። እዚህ ላይ የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ መቶኛ ሊያሳስት ይችላል፤ ከ16 ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) አንዱ ብቻ ጥግ ደርሶ ጌሙን ቢይዘው እንኳ ጠቅላላው ቁጥር ትንሽ ሆኖ ይታያልና።

ምርጫው የሚለያየውም እዚሁ ላይ ነው። ጌም በአብዛኛው የሚፈልገው ብዙ ኮር ሳይሆን ፈጣን ኮርና ሰፊ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ስለሆነ፣ 8 ኮርና 96 ሜጋባይት ካሽ ያለው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ለጌም 16 ኮር ካለው ራይዘን 9 7950ኤክስ የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ (የተቆረጠው ሥራ ወደ መጨረሻው ፋይል ሲወጣ) ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱንም ሥራ እኩል ለሚሠራ ሰው 16 ኮርና ሰፊውን ካሽ አጣምሮ የያዘው 7950ኤክስ3ዲ ያስታርቃል፤ ዋጋውም ግን እንደዚያው ነው። የእኔን አስተያየት ለሚጠይቅ፣ ከቪዲዮ ሥራ እንጀራ የሚበላ ሰው በኮር ብዛት ላይ፣ ለመዝናናት የሚጫወት ደግሞ በካርዱ ላይ ቢያወጣ ይሻላል እላለሁ።

ታይምላይኑ ይንተባተባል፣ ካርዱ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል

ከሁሉም ይልቅ ሰውን ያለ አግባብ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ ችግር ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው፣ ቅንጅቱ እየዘገየ ሲያስቸግረው ጊዜ ካርዱን ሽጦ በአርቲኤክስ 4090 ቀየረው፤ ታይምላይኑ (ቪዲዮው የሚቆረጥበት መስመር) ግን ያው ሆኖ ቀረ። መንስኤው የካርዱ ጉልበት ማነስ ሳይሆን ካሜራው ቪዲዮውን የሚያስቀምጥበት መንገድ ነበር።

ዛሬ እንደ ሶኒ ኤ7ኤስ 3 እና ካኖን አር5 ያሉ ካሜራዎች በኤች265 (ቪዲዮን አጥብቆ የሚጨምቅ ዘዴ)፣ በ10 ቢት፣ በ4፡2፡2 የቀለም አያያዝ መቅረጽ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ፋይል ቦታ እንዳይፈጅ አብዛኛው ፍሬም ሙሉ ሥዕል ሆኖ አይቀመጥም፤ ከፊቱና ከኋላው ካሉት የሚለይበት ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው። በመሆኑም ኤዲተሩ ታይምላይኑን ወደ ኋላ በጎተተ ቁጥር ማሽኑ ብዙ ፍሬሞችን እንደገና መፍታት ግድ ይሆንበታል። ይህን በፍጥነት ለመፍታት በቺፑ ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ክፍል ያስፈልጋል፤ አርቲኤክስ 4090ም ሆነ ከእርሱ በፊት የነበሩት የኤንቪዲያ ካርዶች ደግሞ ኤች265 በ4፡2፡2 ሲሆን የሚፈታ ክፍል የላቸውም። ኤንቪዲያ ይህን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2025 በወጡት የ50 ተከታታይ ካርዶች ላይ ነው። የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ኩዊክ ሲንክ በሚባለው፣ አብሮ በተሠራው ግራፊክሳቸው ውስጥ ያለ ክፍል ይፈቱታል።

መፍትሄው እንግዲህ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነና የራሱ ግራፊክስ ካለው፣ ትልቅ ካርድ ሲገጠም ባዮሱ ያንን ግራፊክስ አጥፍቶት ሊሆን ስለሚችል ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት፣ ቀጥሎም በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በፕሪሚየር ምርጫዎች ውስጥ በሃርድዌር መፍታት እንዲሠራ መፍቀድ ነው። እዚህ ላይ ገዢ በጥብቅ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ፊደል አለ፦ ከስሙ መጨረሻ ኤፍ የተጻፈበት የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ አይ7-13700ኤፍ፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ኩዊክ ሲንክም የለውም። በዋጋ የሚታየው ልዩነት ጥቂት ስለሆነ ለቪዲዮ ሥራ ኤፍ ያለበትን መግዛት ትርፉ አይታየኝም። ማሽኑ ይህ ሁሉ ከሌለው ደግሞ ፕሮክሲ (ለመቁረጥ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) መሥራት አለ፤ ሥራውን ከመጀመር በፊት ቪዲዮዎቹን ወደ ፕሮሬስ ፕሮክሲ ቀይሮ በእነርሱ መቁረጥና በመጨረሻ ዋናውን አውጥቶ ሬንደር ማድረግ። ሌሊት ማሽኑን ለዚህ ትቶ መተኛት ይቻላል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ ዎርክስቴሽኖች፣ እንደ ኤችፒ ዚ440 ያሉት፣ የሚያሰናክሉትም በዚሁ ነው። ባለ ብዙ ኮር ዚዮን ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ራም ሲባል ጆሮ ይማርካል፤ ነገር ግን እነዚያ ዚዮኖች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፣ የአንድ ኮራቸው ፍጥነትም የቆየ ነው፣ ዊንዶውስ 11ም በይፋ አይቀበላቸውም። ለሦስት ዳይሜንሽን ሬንደር ያገለግላሉ፤ ከካሜራ የወጣ ኤች265 በቀጥታ ለመቁረጥ ግን ከ12ኛው ትውልድ አይ5 ጋር እንኳ መወዳደር ይከብዳቸዋል።

ድምፁና ምስሉ ቀስ በቀስ የሚለያዩ ከሆነ ግን ማሽኑን አይውቀሱ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ የፍሬም ብዛቱ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ብዛት ቀይሮ ማስገባት ያስተካክለዋል።

ከባድ ሥራ ሲጀምር ድንገት ጠፍቶ ይነሣል

ሰማያዊ ስክሪን ሳያሳይ፣ ልክ መብራት እንደጠፋበት ድርግም የሚል ማሽን በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ትልልቅ ግራፊክስ ካርዶች ለሰከንድ ሽራፊ ከተጻፈላቸው ዋት እጅግ የሚበልጥ ኃይል ይስባሉ፤ ፓወር ሰፕላዩም አደጋ መስሎት ራሱን ያጠፋል። አርቲኤክስ 4090 ብቻውን 450 ዋት፣ አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት የተመደበላቸው ስለሆኑ፣ ለእነዚህ ኤቲኤክስ 3 የሚለውን ደረጃ ያሟላና ለመጀመሪያው ቢያንስ 850፣ ለሁለተኛው 1000 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ መመረጥ አለበት። የእነዚህን ካርዶች ባለ 16 ፒን የኃይል ገመድ በሚሰኩበት ጊዜ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይን ያረጋግጡ፤ በግማሽ የገባ ሶኬት የቀለጠባቸው ካርዶች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ታይተዋል።

በአዲስ አበባ ግን ከፓወር ሰፕላዩ በፊት ዩፒኤሱን መመርመር ይገባል። ሱቅ ውስጥ የሚገኘው 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ በዋት ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ከ400 በታች ነው፤ ስለዚህ መብራት በሄደ ቅጽበት ሬንደር እያደረገ ያለን ትልቅ ማሽን መሸከም አቅቶት አብሮ ይጠፋል። በካርቶኑ ላይ ከቪኤው ይልቅ ዋቱን ያንብቡ። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ከርካሽ ዩፒኤስ ከሚወጣው የተቆራረጠ ሞገድ ጋር ላይስማማ ስለሚችልም፣ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ ቢሆን ይመረጣል። የኬዙ ብረት ሲነካ ጣትን የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም ማለት ነው፤ ይህን ኤሌክትሪሽያን ጠርቶ ማስተካከል እንጂ ሌላ ዕቃ መግዛት አይፈታውም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ፤ በአሮጌዎቹ ጀርባ ላይ ግን 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለች። እርሷ 115 ላይ እንዳለች በእኛ 220 ቮልት ላይ የተሰካ ማሽን ፈንድቶ ነው የሚያርፈው። ከመሰካት በፊት ጀርባውን ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለአሥር ደቂቃ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይደክማል

ይህ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ የሙቀቱ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በነገራችን ላይ አብዛኞቹ የራይዘን 7000 ተከታታዮች እስከ 95 ዲግሪ እንዲሠሩ ሆነው የተነደፉ ስለሆኑ፣ ያን ቁጥር ማየት ብቻውን አያስደነግጥም፤ ፍጥነቱ አብሮ ከወረደ ግን ማቀዝቀዣው አንሷል።

የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ተራ ፋን ይበቃል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ወለሉ ቢያንስ በ20 በመቶ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለማሽኑ ልክ ነው ከሚባለው ማቀዝቀዣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መምረጥ ይገባል። ኬዝ ሲመረጥም ፊቱ በመስታወት የተዘጋውን ሳይሆን ወንፊት የሆነውን፣ የአቧራ ማጣሪያው ደግሞ በቀላሉ ወጥቶ የሚታጠበውን ይውሰዱ።

ጌሙ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» ብሎ ይዘጋል

ይህ መልእክት ሁለት የተለያዩ መንስኤዎች አሉት። የካርዱ ሜሞሪ 8 ጊጋባይት ሆኖ ጌሙ በ4ኬ ከተከፈተ፣ ወይም በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ከባድ የምስል ማጣሪያ ከተደራረበ እውነትም አልቋል፤ ለ4ኬ ሥራ ካርድ የሚመርጥ ሰው ከ12 ጊጋባይት በታች ባይወርድ፣ ቢቻል 16 ቢይዝ ይመከራል።

24 ጊጋባይት ያለው ካርድ እንዲህ ካለ ግን ውሸቱን ነው፤ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ሊሆን ይችላል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ከፍተኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ እንደሚጎዱ እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው ራሱ አምኗል፤ ማስተካከያውንም በባዮስ በኩል በዚያው ዓመት አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ባዮሱን ማደስ ያልተጎዳውን ይጠብቃል፤ የተጎዳውን ግን አይመልስም፣ መቀየር ነው ያለው። ከእነዚህ ትውልዶች ያገለገለ አይ9 ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ ይዞ ዋጋ ይደራደር።

አጫጭር ችግሮች

ራይዘን ያለበት አዲስ የዲዲአር5 ማሽን መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሆኖ ቢቆይ ራሙን እየተለማመደ ነውና አያጥፉት። 64 ጊጋባይት ሲፈለግ አራት ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 32 ይግዙ፤ አራት ራም ሲሞላ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። ፋይል መገልበጥ በፍጥነት ጀምሮ መሃል ላይ የሚዝል ኤስኤስዲ ወይ ሞልቷል፣ ወይ ርካሽ ዓይነት ነው፤ ለሥራ ማስቀመጫ የሚሆነው የራሱ ዲራም ካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ያለውና አምስተኛው እጅ ባዶ የተተወለት ነው። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለማኅደር እንጂ ለታይምላይን አይሆንም።

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ከሆነ፣ በተለይ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በካርድ መመረት ካቆመ በኋላ ወደ ገበያ ከወጡት፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የኖረ ፋንና የደረቀ የሙቀት መለጠፊያ ሊኖረው ይችላል። ስማቸው በሶፍትዌር የተቀየረ አሮጌ ካርዶችም አሉ፤ ጂፒዩዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ሐሰተኛ መሆናቸውን ጽፎ ያሳያል። ብር ከመቁጠር በፊት ጂፒዩዚን በፍላሽ ይዞ መሄድ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ ከባድ ጌም ወይም ሬንደር ለግማሽ ሰዓት ማስኬድና ሙቀቱን እየተመለከቱ መጠበቅ ነው፤ ሻጩ ለግማሽ ሰዓት መብራት ከከለከለ ሌላ ሱቅ አለ።