የስልክ መተግበሪያ ቀን መምረጫን በራስ-ሰር መፈተሽ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆረጥበትን የስልክ መተግበሪያ ስንፈትሽ ከሁሉ በላይ ያስቸገረን የቀን መምረጫው ነበር፤ ተሳፋሪው የሚመርጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን መረጃውን የሚይዘው ማዕከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) የሚያስቀምጠው ግን በጎርጎርዮሳዊው ነው።

በመጀመሪያ ፈተናው (መተግበሪያውን በራሱ የሚፈትሸው ኮድ) የዛሬን ቀን ከስልኩ እንዳይወስድ፣ ቀኑን እናንተ እንድትሰጡት አድርጉ፤ አለዚያ ዛሬ ያለፈው ፈተና ጳጉሜን ሲገባ ይወድቃል። ቀጥሎ ቀኑን በስክሪኑ ላይ ባለው ቦታ ሳይሆን በመለያው ፈልጉት። በአንድሮይድ ላይ ኤስፕሬሶ የተባለው የመፈተሻ መሣሪያ መደበኛውን ቀን መምረጫ በቀጥታ ይሞላዋል፤ በራሳችሁ የሠራችሁትን ባለ 13 ወር ካላንደር ግን ስለማያውቀው፣ ለእያንዳንዱ ቀን «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» እንደሚለው ያለ የተደራሽነት መግለጫ (ለዓይነ ስውራን ስልኩ በድምፅ የሚያነበውን ጽሑፍ) ስጡና አፒየም በተባለው ሌላ የመፈተሻ መሣሪያ ያንን ቀን አስነኩ።

ዋናው ሥራ የሚፈተኑትን ቀኖች መምረጥ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ፣ ማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በ2016 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ጨርሶ መታየት የለበትም። እኛን ያሳሳተን መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይም ፈትሹ፤ የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ በዚያ ሰዓት የተመረጠ ቀን ሰርቨሩ ላይ ወደ ትናንት ሊመለስ ይችላል።