የ7018 ብየዳ ላይ ቀዳዳና ስንጥቅ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ ለብረት ስትራክቸር

7018 ሃይድሮጅን በትንሹ እንዲያስገባ የተሠራ የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው። ይህ ጽሑፍ ለኮለን፣ ለቢም፣ ለትራስ (በብረት ዘንጎች ለተገጣጠመ የጣሪያ ተሸካሚ) እና ለቤዝ ፕሌት (ለኮለን መቆሚያ ብረት) ብየዳ ነው፤ ለበርና መስኮት አይደለም። ማሽን ማስተካከልና ግራውንድ በደንብ ማሰር የሚታወቅ ስለሆነ እንለፈው። አብዛኞቹ ቁጥሮች የአሜሪካ ብየዳ ማኅበር ለብረት ስትራክቸር ካወጣው ዲ1.1 ኮድ የተወሰዱ ናቸው። ውላችሁ የአውሮፓውን ኢኤን 1090-2 የሚጠራ ከሆነ ግን እሱን ተከተሉ፤ ሁለቱን ኮድ እየቀላቀሉ የሚመቸውን መምረጥ አይቻልም።

ምልክት፦ ብየዳው ላይ ቀዳዳ ይታያል

መጀመሪያ ቀዳዳው የት እንዳለ ተመልከቱ። አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የተጫረበት ቦታ ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ኖሮ ቀሪው መስመር ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ አጀማመሩ ላይ ነው። 7018 ረጅም አርክ አይወድም። ከመነሻው 10 ወይም 15 ሚ.ሜ. ወደፊት ጫሩ፣ አርኩን አሳጥራችሁ ወደ መነሻው ተመለሱ፣ ከዚያ የተጫረበትን መልሳችሁ እያቀለጣችሁ እለፉበት። ግማሽ የቀረ ኤሌክትሮድ ጫፉ ላይ መስታወት የመሰለ ቅርፊት ይይዛል፤ በሊማ አንሱት። ብረት ላይ እየደበደቡ ማራገፍ ሽፋኑን ከሽቦው ላይ ይሰብረዋል፣ ራቁቱን የቀረው ሽቦም አዲስ ቀዳዳ ይዞ ይነሳል።

ቀዳዳው ከዳር እስከ ዳር ከተበተነ፣ ወይም ስላጉ (ብየዳውን የሚሸፍነው ቅርፊት) ሲነሳ ከሥሩ እንደ ትል የተጋደመ ጎድጓዳ መስመር ከታየ፣ ተጠርጣሪዎቹ ቀለም፣ ቅባት፣ ዚንክና እርጥበት ናቸው። ብዙው ብረት ቀይ አንቲረስት ተቀብቶ ሳይት ይደርሳል፤ "አርኩ ያቃጥለዋል" ብሎ በላዩ መበየድ ቀዳዳን አውቆ መሥራት ነው። ከመጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ቢያንስ 25 ሚ.ሜ. በግራይንደር እስኪያብረቀርቅ ጥረጉ። ጋልቫናይዝ የሆነም እንዲሁ፤ የዚንኩ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ሕመም ያመጣል። ወተት መጠጣት ከዚህ አይከላከልም። የሚከላከለው ዚንኩን ማንሳት፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ መሥራትና ለብረት ጭስ የተሠራ ማስክ ማድረግ ነው።

ብረቱ እያብረቀረቀ፣ አርኩም አጭር ሆኖ ቀዳዳው ካልቆመ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቷል።

እርጥበት የጠጣ 7018

ሳይት ላይ ተደጋግሞ የሚያጋጥመው ይሄኛው ነው፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ካርቶኑ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይከርማል። ጠዋት አንድ ፓኬት ይቀደዳል፣ ግማሹ ይበየድበታል፣ ግማሹ ክፍቱን ያድራል፣ በማግስቱ ምንም እንዳልሆነ ሥራው ይቀጥላል። ቀዳዳው ሲመጣ ፎርማኑ "እጁ ነው" ይላል፣ በያጁ "ማሽኑ ነው" ይላል። ማሽን ይቀየራል፣ በያጅ ይቀየራል፣ ቀዳዳው ግን እዚያው ነው፤ ኤሌክትሮዱን የነካው ሰው ስለሌለ።

የ7018 ሽፋን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ውሃው አርኩ ውስጥ ይበተንና ሃይድሮጅን ሆኖ የቀለጠው ብረት ውስጥ ይገባል። በዓይን የሚታየው ቀዳዳ ከጉዳቱ ቀላሉ ነው፤ የሚያስፈራው ሳይታይ ውስጥ የቀረው ሃይድሮጅን ነው፣ ስንጥቅ የሚያመጣው እሱ ነውና።

ምልክቶቹ፦ አርኩ ይንጫጫል፣ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ስላጉ ሳይረጋ ይፍለቀለቃል። ሽፋኑ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም መያዣው ጫፍ ላይ ዝገት ካለ ያ ኤሌክትሮድ ተጥሏል፤ አትሞክሩት። ሁለቱን ሲያጋጩ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ፣ እርጥቡ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ከሚፈቀደው በላይ እርጥበት የያዘ አለ።

መፍትሄው ከግዢ ይጀምራል። ኮዱ 7018 አየር በማያስገባ የታሸገ ጣሳ እንዲገዛ፣ አለዚያ ከሥራ በፊት እንዲጋገር ይጠይቃል። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን የታሸገ ጣሳ አይደለም፤ ዛሬ ከሱቅ ቢወጣም ይጋገራል።

አጋገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮዱ ከማሸጊያው ወጥቶ ሙቀቱ ከመጨረሻው መጋገሪያ ግማሽ ያልበለጠ ኦቨን ውስጥ ይገባል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ተደርጎ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጋገራል። ሲያልቅ ቢያንስ 120 ዲግሪ ወዳለው ማቆያ ኦቨን ይዛወራል። ከማቆያው የወጣ ተራ 7018 ውጭ የሚቆየው ቢበዛ 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአንድ በያጅ በአራት ሰዓት የሚጨርሰውን ብቻ ስጡት፤ የተረፈው ወደ ማቆያ ይመለስ። ጊዜው ያለፈበት መልሶ የሚጋገረው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ዝናብ ያገኘው አይጋገርም፣ ይጣላል።

ፀሐይ ላይ ማስጣት 7018 አያደርቅም። የእንጀራ ምጣድ ላይ መደርደርም አያደርቅም፤ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የሚለካውም የለም። ከሁሉ የከፋው ኤሌክትሮዱን ብረት ላይ አጣብቆ ማጋል ነው፤ ሽፋኑ ከውስጥ ይሰነጠቅና ሲበየድ እየተፈረፈረ ይወድቃል። 6013 የተባለውን ሌላ ዓይነት ኤሌክትሮድ ደግሞ እንደ 7018 በ300 ዲግሪ አትጋግሩ፣ ሽፋኑ ይበላሻል። 6010 የተባለው ኤሌክትሮድ ከነጭራሹ ኦቨን አይገባም፤ አርኩ የሚሠራው ሽፋኑ ውስጥ ባለው እርጥበት ጭምር ነው።

"7018 አስቸገረ፣ በ6013 ጨርሱት" የሚል ትእዛዝ ከመጣ አቁሙ። የ6013 መልክ ያምራል፣ ስላጉም በቀላሉ ይነሳል፣ ነገር ግን የሚያስገባው ሃይድሮጅን ብዙ ነው። ኤ36 የተባለው ተራ የስትራክቸር ብረት ውፍረቱ ከ20 በላይ እስከ 38 ሚ.ሜ. ሲሆን በ7018 ዝቅተኛው ቅድመ ሙቀት (ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ብረቱ ሊኖረው የሚገባው ሙቀት) 10 ዲግሪ ነው፤ በ6013 ግን 65 ዲግሪ። ያለ ማሞቂያ 25 ሚ.ሜ. ቤዝ ፕሌት በ6013 የበየደ ሰው ስንጥቁን ራሱ ጠርቶታል። ከኤ36 በሚጠነክረው ኤ572 ግሬድ 50 ብረት ላይ ደግሞ በሙከራ የጸደቀ የራሱ አሠራር ከሌለ 6013 አይፈቀድም።

ምልክት፦ ስንጥቅ

ማንኛውም ስንጥቅ፣ አጭርም ይሁን ቀጭን፣ ተቀባይነት የለውም። ብየዳው ገና ትኩስ ሳለ መሀሉን ተከትሎ የተሰነጠቀ ከሆነ መስመሩ ጠባብና ጎድጓዳ ነው፣ ወይም ብረቱ መላወሻ አጥቷል፤ ሞላ ያለ መስመር አስቀምጡ፣ የብየዳውን ቅደም ተከተልም ቀይሩ። መጨረሻው ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ካለ አርኩ ጉድጓዱ ሳይሞላ ተነቅሏል። በሰላም አድሮ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን በብየዳው ጠርዝ ላይ የወጣ ግን የሃይድሮጅን ስንጥቅ ነው፤ ወደ ኦቨኑና ወደ ቅድመ ሙቀቱ ተመለሱ። ቀለም ቀቢው ቸኩሎ ከሸፈነው ማንም አያየውም።

ስንጥቅ ላይ ደርቦ መበየድ ጥገና አይደለም፤ ከሥሩ ይቀጥላል። ጫፎቹን በቀለም ፔኔትራንት ወይም በማግኔቲክ ምርመራ ፈልጉ፤ ስንጥቁንም ከየጫፉ 50 ሚ.ሜ. ጤነኛ ብረት ጨምራችሁ በግራይንደር አውጡና እንደገና በይዱ።

ምልክት፦ ወፍራምና ቆንጆ ፊሌት (የማዕዘን ብየዳ)፣ ሲመታ ግን ይላቀቃል

ይህ በሁለቱ ብረቶች መሀል ያለው ክፍተት በፌሮ ቁራጭ ተሞልቶ ላዩ ብቻ የተሸፈነ ብየዳ ነው። አጭር የተቆረጠ ቢም ሲመጣ ይደረጋል፤ የሚያየው ሰው ትልቅ ፊሌት ይመስለዋል፣ ጭነት የሚሸከመው ግን ስስ ቅርፊት ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ክፍተቱ እስከ 2 ሚ.ሜ. ከሆነ እንደተሳለው በይዱ። ከ2 በላይ እስከ 5 ሚ.ሜ. ከሆነ የፊሌቱን እግር (ብየዳው በብረቱ ላይ የሚይዘውን የጎን ልክ) በክፍተቱ ልክ ጨምሩ፤ ለ6 ሚ.ሜ. ፊሌት 3 ሚ.ሜ. ክፍተት ካለ 9 ሚ.ሜ. ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ብረቱ ይቀየር ወይም ኢንጂነሩ መፍትሄ ይስጥ። ፌሮ አትክተቱ።

ሌሎቹ ባጭሩ

አንደርከት (በብየዳው ጠርዝ ብረቱ ተበልቶ የቀረ ቦይ)፦ አምፒሩ በዝቷል ወይም አርኩ ረዝሟል። ከ25 ሚ.ሜ. በቀጠነ ብረት ላይ ከ1 ሚ.ሜ. ካለፈ በጥቅሉ ይጠገናል።

7018 እየተጣበቀ አልጫር ካለ፦ ትንሽ ኤሲ ትራንስፎርመር ከሆነ ሳይበየድ የሚሰጠው ቮልቴጅ ወደ 70 ካልተጠጋ አይችልም። በዲሲ፣ መያዣውን ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ረጅም ቀጭን ኤክስቴንሽንም ኃይሉን ይበላዋል።

በሲኦቱ ማሽን (ብየዳውን በጋዝ እየከለለ በሚበይደው) ሰገነት ላይ ቀዳዳ፦ ጋዙን የሚበትነው ንፋስ ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ካለፈ ከልሉ ወይም አቁሙ።

ፌሮ ለማሰር በነጥብ መበየድ፦ ያለ ኢንጂነር ፈቃድ አይደረግም፤ የተበየደበት ነጥብ ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆንና ሲታጠፍ እዚያው ይሰበራል።