በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀት እንዴት ማስላት ይቻላል?

መጀመሪያ የግድግዳውን ካርታ ይተዉት። ከለንደን እስከ ቶኪዮ በማስመሪያ መለካት ቀላል ይመስላል። ግን ካርታው ክብ የሆነችውን ምድር ወረቀት ላይ የለጠጠ ነው። በብዙ ካርታዎች ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች፤ እውነቱ ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። እንዲህ ባለ ካርታ ረጅም ርቀት አይለካም።

የምድር ሉልና ክር ካለዎት ሥራው የደቂቃ ነው። የክሩን ጫፍ ለንደን ላይ በጣትዎ ይጫኑ። ከዚያ ቶኪዮ ድረስ ወጠር አድርገው ይሳቡት። ክሩ በየት እንደሚያልፍ ልብ ብለው ይዩ። በቱርክና በመካከለኛው እስያ በኩል አይሄድም። ሽቅብ ወደ ስካንዲኔቪያ ይወጣል፣ ከዚያ በሰሜን ሩሲያ ዞሮ ወደ ጃፓን ይወርዳል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ክሩ የተንሸራተተ መስሎኝ ደጋግሜ ወጠርኩት። አጭሩ መንገድ ግን እሱው ነው። ከጎን እስከ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሉል ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክሩ 22.5 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ርቀቱ ወደ 9,560 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

ሉል ከሌለ ሳይን (sin) እና ኮሳይን (cos) ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። የከተሞቹን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይያዙ፦ ለንደን 51.5 እና −0.1፣ ቶኪዮ 35.7 እና 139.7። ደቡብና ምዕራብ ሁልጊዜ የመቀነስ ምልክት አላቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካልኩሌተሩም በራዲያን ሳይሆን በዲግሪ መሆኑን ያረጋግጡ።

አሁን የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ፤ 0.457 ይመጣል። ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን እርስ በርስ፣ ከዚያም በኬንትሮሶቹ ልዩነት (139.8) ኮሳይን ያባዙ፤ −0.386 ይሆናል። ሁለቱን ሲደምሩ 0.071 ያገኛሉ። የዚህ ቁጥር ተገላቢጦሽ ኮሳይን (cos⁻¹ የሚለው ቁልፍ) 86 ዲግሪ ገደማ ነው። አንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሲያባዙት ያው 9,560 አካባቢ ይመጣል። ክሩና ሒሳቡ ሲገጥሙ ማየት ደስ ይላል!

ውጤትዎን ከሌላ ቦታ ካገኙት ቁጥር ጋር ሲያነጻጽሩ መለኪያውን ይዩ። ይኸው ርቀት በተራው ማይል 5,940፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 5,160 ገደማ ነው።

የበረራ ሰዓቱን ለመገመት ኪሎ ሜትሩን ለ900 ያካፍሉ፤ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ለለንደንና ቶኪዮ 11 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ይህ ግን ትንሹ ግምት ነው። ከ2022 ወዲህ የብሪታንያና የጃፓን አየር መንገዶች በሩሲያ ሰማይ ስለማያልፉ በረራው ወደ 14 ሰዓት ደርሷል። ነፋሱም አለ። ከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ስላለ፣ ከኒውዮርክ ለንደን 7 ሰዓት ገደማ የፈጀው ጉዞ በዚያው ርቀት ሲመለስ ወደ 8 ሰዓት ይወስዳል።