አደጋ ቦታ እርዳታ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት

ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች ነበሩ፤ እየቆፈሩ ሳለ ሌላ ናዳ መጣባቸው። ስለዚህ በጎ አድራጎት ማኅበርም ሁኑ የንግድ ድርጅት፣ በጎ ፈቃደኛ ወይም ሠራተኛ ጭናችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ከዚያ የስም ዝርዝር ይመጣል። የለመድነው ከቀበሌ ተቀብሎ ማደል ነው። ይቀላል፣ ግን ወረቀቱ ላይ የሌሉት ናቸው ብዙ ጊዜ የባሰባቸው፦ መታወቂያው ጭቃ ውስጥ የቀረ፣ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የተከራየ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ፣ ቤቱ በሟች ባሏ ስም የተመዘገበባት ሴት። መጠለያውን ራሳችሁ ዙሩ። ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ በአካባቢው ቋንቋ ለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችለው በድምፅ ማጉያ ንገሩ። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፓርቲ አባልነት መስፈርት አይደለም።

አሁን ሰው አፍሮ ወደሚያልፈው ነገር። ዱቄትና ዘይት የሚያድል ሰው በዚያች ሰዓት ጉልበተኛ ነው፤ አንዳንዱም ይህን ጉልበት ሴት ለማግኘት ይጠቀምበታል። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና ትልልቆቹ ረድኤት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ደንባቸው ግልጽ ነው፦ በእርዳታ ወሲብ መለወጥ ከሥራ ያስባርራል፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ «ትልቅ መስላኝ ነው» ማለት አያድንም። ትንሽ ማኅበር ነን ብላችሁ አትለፉት። በቀን ብርሃን አድሉ። ከአዳዮቹ መካከል ሴቶች ይኑሩ። እርዳታው በነጻ መሆኑን ከማደላችሁ በፊት ደጋግማችሁ ተናገሩ፤ የቅሬታ ስልክ ስትሰጡ ደግሞ የአዳዩ ራሱ ስልክ እንዳይሆን። ኧረ እንዲህም ይደረጋል!

ፎቶ? ካደላችሁ በኋላ፣ አስፈቅዳችሁ። እምቢ ያለም ድርሻውን ይዞ ይሂድ። የተረጂዎችን ስምና ስልክ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ግን ጭራሽ አይሆንም።

መጋዘኑን ጠብቁ። በ2015 የእርዳታ እህል ገበያና ወፍጮ ቤት ተገኝቶ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ምንም ያልሰረቀው ሰው ነው የተራበው። የገባውንና የወጣውን ጻፉ፣ ከተፈናቃዮቹ ራሳቸው የተመረጡ ሰዎችም ቆጠራው ላይ ይቁሙ።

ነጋዴዎች፣ ወደ እናንተ ስመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት ብስኩት መለገስ መጋዘን ማጽዳት እንጂ እርዳታ አይደለም። ግን ዋናው ኃላፊነታችሁ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ባንግላዲሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ታይቶ ነበር፤ የልብስ ሰፊዎቹ አለቆች ግን በማግስቱ ሠራተኛውን አስገቡት፣ ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ የለ? ግድግዳችሁ ከተሰነጠቀ መሐንዲስ ሳያየው ማንንም አታስገቡ፣ የቀረውንም «ቀሪ» ብላችሁ ደሞዙን አትቁረጡበት።

ደሞዝ ካነሳን አይቀር፣ «ለተጎጂዎች» እየተባለ ሳይጠየቁ ከሠራተኛ ደሞዝ መቁረጥ የተለመደ ነገር ሆኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን፣ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ወይም የኅብረት ስምምነት ካላዘዘ የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። ፎርም አዘጋጁ፣ የፈለገ ይፈርም፤ ያልፈረመውን ስም ሰሌዳ ላይ አትለጥፉ።