«ስቲል» እና «ሮብ»፦ የሁለት ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ግሦችን ትርጉም እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

«ስቲል» ማለት ሰረቀ፣ «ሮብ» ማለት ዘረፈ ነው ብሎ የያዘ ተማሪ ፍቺውን አልሳተም፤ ዓረፍተ ነገር ሲመሠርት ግን ይሰናከላል። በአማርኛ ገንዘብም ባንክም ይዘረፋል፤ በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ተሳቢ ይመርጣል። ስለዚህ ማነጻጸሩን ከአማርኛ ፍቺ ሳይሆን ከአጠቃቀም መጀመር ይሻላል።

በመጀመሪያ ሁለቱንም ግሦች ለቋንቋው ተማሪዎች በተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይፈልጉ፤ ከፍቺው ይልቅም ምሳሌዎቹን ያስተውሉ።

ቀጥሎ ከግሡ በኋላ የሚመጣውን ቃል ይመርምሩ። የ«ስቲል» ተሳቢ የተወሰደው ነገር ሲሆን፣ ነገሩ የተወሰደበት ሰው ወይም ቦታ የሚጠቀሰው በ«ፍሮም» ነው፦ «ዘይ ስቶል መኒ ፍሮም ዘ ባንክ»። የ«ሮብ» ተሳቢ ደግሞ የተዘረፈው ሰው ወይም ቦታ ነው፦ «ዘይ ሮብድ ዘ ባንክ»። የተወሰደውን ነገር መጥቀስ ካስፈለገ «ኦፍ» ይጨመራል።

ሦስተኛው እርምጃ ግሦቹን ወደ ተገብሮ መለወጥ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኛ «ስልኬን ተሰረቅሁ» ስንል ስልኩ የተወሰደበት ሰው ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል። ይህንኑ አወቃቀር ይዞ «አይ ዋዝ ስቶለን» ያለ ሰው ግን እርሱ ራሱ ተሰርቆ እንደተወሰደ ተናግሯል። ትክክለኛው «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን» ወይም «አይ ሃድ ማይ ፎን ስቶለን» ነው። «አይ ዋዝ ሮብድ» ማለት ግን ያለ ችግር ይቻላል፤ የ«ሮብ» ተጠቂ ሰው ነውና።

ከዚያ ቃላቱ በሕግ ቋንቋ ምን እንደሚለያቸው ይመልከቱ። በእንግሊዝና በዌልስ በሚሠራበት የ1968ቱ የስርቆት ሕግ መሠረት ድርጊቱ «ሮበሪ» የሚባለው ሌባው ለመስረቅ ሲል፣ በሚሰርቅበት ጊዜ ወይም ወዲያው ከዚያ በፊት፣ በሰው ላይ ኃይል ሲጠቀም ወይም ኃይል እንደሚጠቀምበት ሲያስፈራራ ነው። የስርቆት ከፍተኛ ቅጣት 7 ዓመት እስራት ሲሆን፣ የ«ሮበሪ» ግን እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ስርቆትን ከውንብድና ለይቶ ስለሚደነግግ፣ በሕግ ጉዳይ ለ«ሮበሪ» ከዝርፊያ ይልቅ ውንብድና የሚለው ቃል ይቀርባል። ውጭ አገር ለፖሊስ የሚያመለክት ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ከኪሱ ሳያውቅ ስልክ የተወሰደበት ሰው «ሮብድ» ካለ፣ ፖሊሱ በቅድሚያ ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ሊጠይቀው ይችላል።

በመጨረሻም አንዱን ግሥ በሌላው ቦታ እየተኩ ይሞክሩ፤ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንም አይዝለሉ። የሌላውን ሐሳብ የራስ አድርጎ ማቅረብ «ስቲል» ሲሆን፣ ጭንቀት ሰውን እንቅልፍ ሲነሳው የሚነገረው በ«ሮብ» ነው። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ሰብሮ ገብቶ ለመስረቅ ግን ሦስተኛ ቃል አለ፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ቤቱ «ሮብድ» ሆነ ቢባልም፣ የፖሊስ ቃል «በርግላሪ» ነው።